«መሬቱ በስሟ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች?»

ወይዘሮ ሚዛን፦
ትናንት ባለ ሞፈር እዚሁ ግሩፕ ላይ የጻፈው ነገር ከማታ ጀምሮ እያንገበገበኝ ነው። «በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። መሬቱ በስሟ ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች?» አለ፤ ስንቱም ላይክ አደረገው። ደብተሩን የሚንቅ የለም። ግን ደብተር አያርስም። መሬት እህል የሚሰጠው በሬ፣ አራሽና ዘር በወቅቱ ሲገናኙበት ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬቱ አላት፤ በሬና አራሽ ግን የላትም። ስለዚህ ለእኩል ትሰጣለች፣ የምርቱ ግማሽም ገና ከአውድማው ይሄዳል። እኩልነት ጎደለ የምንለው እዚህ ግማሽ ላይ ነው።

ባለ ሞፈር፦
ቃሌን አላጥፍም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። ለጋብቻም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነበር ያስቀመጠው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የጋራ ንብረት በጋራ ይተዳደር አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ መሬትን ስሙን ጠርቶ እኩል መብት ሰጣት። መንግሥት ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ሕግ ይናገር፦
ወንድሜ፣ የ1992ቱ ሕግ የፌዴራል ነው፤ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን በተለያየ ዓመት አውጥተዋል። የገጠሯን ሴት ጉዳይ የሚዳኘው የክልሏ ሕግ ነው።

ባለ ሞፈር፦
አማራ ክልልም በ1995 የራሱን አውጥቷል፤ ፍሬ ነገሩ ያው ነው። ይህ የኔን ነጥብ ምኑን ነካው?

ሰብለ፦
የአንተን ነጥብ የሚነካው የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ያኔም ፆታ አልተለየም። ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ እስከ 10 ሄክታር ይሰጠው ነው የተባለው። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን የአባወራው ስም ነበር። በ1990 እና በ91 ትግራይ ውስጥ የይዞታ ማረጋገጫ ሲታደል እንደገና በአባወራ ስም ወጣ። አማራ ክልል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲጀምር የሁለቱንም ስምና ፎቶ አስገባ። ሁለቱም ክልሎች የሚተዳደሩት በአንድ ሕገ መንግሥት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቅጹ ላይ ለስም የተተወው ቦታ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት የሚለው ነው። የፆታ አለመመጣጠን እንዲህ ባለ ተራ የቢሮ ሥራ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ማንም ሴትን ልበድል ብሎ ሳይነሳ።

ባለ ሞፈር፦
እሺ፣ ቅጹ ተስተካከለ፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። መሬቱ በስሟ ነው። አትረሺ ያላት የለም። እርሻ ጉልበት ይጠይቃል፣ ተፈጥሮ ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ዲግሩ፣ ማረሻው ተደምሮ ሃያ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያንን ተሸክሞ ማሳ ወርዶ እርፍ ጨብጦ መዋል ቀልድ አይደለም።

ወይዘሮ ሚዛን፦
ያችው ሴት 25 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ ዳገት ትወጣለች፤ ውኃው ብቻ 25 ኪሎ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ጥማድ ይዞ ሲያርስ ደግሞ ሁላችሁም ታያላችሁ። ጉልበት ቢሆን ኖሮ ልጁ እናቱን ባልቀደመ ነበር። የሚከለክላት ነውሩ ነው። ሴት እርፍ ጨበጠች ከተባለ ስሟ የሚነሳው በየቤቱ ነው፤ ወንድሟና አማቿም አብረው ይሰደባሉ። ሴት ልጅ ደግሞ ከልጅነቷ በሬ መጥመድ አትማርም፤ ወንዱ ከእረኝነት ጀምሮ ነው የሚለምደው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያላስተማርናትን ነገር ተፈጥሮዋ ነው ማለት ግፍ ነው።

ፎገራ ማዶ፦
አውራ አምባን ለምን አታነሱም? ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ውስጥ ነው። ዙምራ ኑሩ በ1964 የመሠረተው ማኅበረሰብ። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፤ ሥራ በችሎታ እንጂ በፆታ አይመደብም። ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ እዚያም ባልተቻለ።

ባለ ሞፈር፦
አውራ አምባ የሚተዳደረው በሽመና ነው፤ መሬቱ ትንሽ ነው። ጥቂት መቶ ሰው ይዘህ የሚሊዮን ገበሬ ሕግ አታወጣም።

ፎገራ ማዶ፦
ሽመና የገቡት መሬት ስላጠራቸው ነው፤ ሴት ማረስ ስላቃታት አይደለም። ጥቂት መቶ መሆናቸውም ክርክሬን አይጎዳውም። አይቻልም ለሚል ሰው አንድ ቦታ መቻሉን ማሳየት ይበቃል።

የቸሃ ልጅ፦
ሁላችሁም ማረሻ ላይ ተጣብቃችኋል። ዴንማርካዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ኤስተር ቦዝረፕ በ1970 እ.ኤ.አ. ሴት ከእርሻ የምትገፋው ማረሻ ባለበት ነው፣ በመቆፈሪያ በሚታረስበት ግን ድርሻዋ ትልቅ ነው ብላ ነበር። ጉራጌ ኑና እዩ። እንሰት በሬ አይፈልግም። ወንዱ ይተክላል፣ ያዛውራል፤ ሴቶቹ ይፍቃሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያብላላሉ፣ ቅጠሉን እየቀየሩ ይገላብጣሉ። ያለ ሴት እጅ እንሰት ቆጮ አይሆንም። መሬቱን የሚወርሰው ግን ወንድ ልጅ ነው። የቃቄ ውርድወት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ጋብቻና ፍቺ የጉራጌን ሸንጎ የሞገተችው ውሳኔው ከእጇ ውጭ ስለነበር ነው። ሥራ ማብዛት ሥልጣን አያመጣም።

ሰብለ፦
ይህ ነጥብ ትልቅ ነው። ማረሻውን ብናነሳ እንኳ ውርሱ ይቀራል ማለት ነው።

አባ ርስቱ፦
ልጆቼ፣ ጎጃምና ጎንደርን ከዚህ አውጡልኝ። በእኛ ዘንድ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር፤ ሴት ልጅም ትወርሳለች። በሰማንያ የተጋባች ሴት ስትፈታ ይዛ የመጣችውን ይዛ ትወጣ ነበር። ባህላችንን እንደ ጠላት አታድርጉት።

ወይዘሮ ሚዛን፦
አባባ፣ እውነት ብለዋል፤ መብቱ ነበር። ግን ሙሽራዋ የምትሄደው ወደ ባሏ አገር ነው። ርስቷ የቀረው አባቷ ቀበሌ ነው፤ እዚያ ሆኖ የሚያርሰው ወንድሟ ነው። ከዓመታት በኋላ ልካፈል ብላ ስትመጣ «ከወንድሟ ተካሰሰች» ተብላ ትወቀሳለች። ባሏ ቢሞት ወይም ቢፋቱ የሚጠጋት ወንድሟ ነውና ብዙዋ ዝም ማለትን መረጠች። ማንም ሳይነጥቃት መብቷ እንዲሁ ቀረ። ዛሬም ያለው አካሄድ ይኸው ነው።

ባለ ሞፈር፦
«መረጠች» አልሽ እኮ! በራስሽ አፍ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ባል በአንዳንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ናቸው። ሴቶቹ ራሳቸው የተቀበሉትን ምን ልታደርጉት ነው?

ሰብለ፦
ያንን ቁጥር እንዲህ አትጠቀምበት። የተጠየቁት ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ መኝታ ብትከለክለው ተብለው ነው። ከአምስቱ አንዱን አዎ ያለች ሁሉ 63ቱ ውስጥ ገብታለች። ይህ የሚያሳየው የበላይነት በዱላ ብቻ እንደማይቆም ነው። የተበደለው ወገንም ትክክል ነው ብሎ እንዲያድግ ይደረጋል፤ ያስተማረቻትም እናቷ ናት፣ እናቷንም አያቷ። መሄጃ የሌላት ሴት ያለችበትን ኑሮ ልክ ነው ብላ ካልተቀበለች እንዴት ታድራለች? ወደ መሬቱ እንመለስ፤ ለእኩል ስለ መስጠት ወይዘሮ ሚዛን ጀምራ ተወችው።

ወይዘሮ ሚዛን፦
አልተውኩትም። ለእኩል የሰጠች ሴት የምታጣው ግማሹን ብቻ አይደለም። ጤፍ መሬቱ ደጋግሞ መታረስ አለበት፤ ከሦስት እስከ አምስት ዙር። እኩል አራሹ መጀመሪያ የራሱን ነው የሚያርሰው። የእሷ ማሳ የሚደርሰው ሁለት ዙር ነው፣ ያውም ዝናቡ ካለፈ በኋላ። ዘሩ ይዘገያል፣ አረሙ ይበረታል፣ ምርቱ ከጎረቤቱ ማሳ ያንሳል። ከዚያ «የሴት መሬት አይሰጥም» ይባላል። አራሹን ትቀይር እንዳይባል ብዙውን ጊዜ የባሏ ወንድም ወይም አማቷ ነው። ተራ በተራ እየተረዳዱ የሚያርሱበት ወንፈል አትገባም፤ በሬና አራሽ የምትመልስበት የላትም። ደቦ ልጥራ ካለች ጠላው አለ፤ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ጥንስሱ፣ ድፍድፉ፣ ከሳምንት በላይ ይፈጃል፤ ጠማቂዋም እሷው ናት።

ባለ ሞፈር፦
ደብተሩ ጠቅሟታል ወይስ አልጠቀማትም? በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ ስጪኝ።

ወይዘሮ ሚዛን፦
ጠቅሟታል። ደብተር ከያዘች ወዲህ ያከራየችው ሰው መሬቱ የኔ ነው ብሎ እንዳይቀር መተማመኛ አገኘች፤ ባልም ያለ ፈቃዷ ማከራየት አይችልም። ይህንን ካድኩ? እኔ የተቃወምኩት «ሌላ ምን ትፈልጋለች» ያልከውን ነው።

ሕግ ይናገር፦
ፍቺ ላይ ያለውን ጨምሩበት። ደንቡ መሬት ከተወሰነ ስፋት በታች እንዳይቆራረጥ ይከለክላል። ይዞታው ሦስት አራት ቦታ የተበጣጠሰ ትንንሽ ማሳ ከሆነ ለሁለት አይከፈልም። ያኔ ወይ አብረው ይጠቀማሉ፣ ወይ አንዱ ለሌላው ግምቱን ከፍሎ ይይዛል።

ሰብለ፦
ከፍሎ የሚይዘው ማን ነው? ቤቱ ያለው በእሱ ዘመዶች መሀል ነው፤ እህሉን የሚሸጠው፣ ብሩን የሚይዘው እሱ ነው።

ባለ ሞፈር፦
በሬውም እኮ የጋራ ነው። ጥማዱ ሲካፈል አንድ በሬ ይደርሳታል። ባለ አንድ በሬ ከሆነ ሌላ ሰው ጋር ትቀናጅ፤ ወንዱም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ወይዘሮ ሚዛን፦
ወንዱ ሲቀናጅ በሬውንም ራሱንም ይዞ ይመጣል፤ በተራው ያርሳል። እሷ የምታመጣው በሬውን ብቻ ነው። ስለዚህ የእርሻ ቀኗ ይቀነሳል፣ ወይም ለአራሹ ሌላ ድርሻ ትከፍላለች። እስኪ አንተ ንገረኝ፣ በናንተ ቀበሌ ለአራሽ ስንት ነው የሚከፈለው?

ባለ ሞፈር፦
እንደ ስምምነቱ ነው። አንዳንዱ ሲሶ፣ አንዳንዱ በቀን።

ሰብለ፦
ስምምነቱን የሚዳኙት ሽማግሌዎችስ? የእሱ መንደር ሰዎች አይደሉም?

አባ ርስቱ፦
ሽማግሌን አትንኩ። ይህን ለብቻው እንነጋገርበት።