በረስት (Rust) የፕሮግራም ቋንቋ «ፈጽሞ አይደረስበትም» የሚባለውን ቅርንጫፍ ምን ላድርገው?

ለገጣፎ ላለ ግቢ የጉድጓድ ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ መቆጣጠሪያ በረስት እየጻፍኩ ነው፤ ማይክሮኮንትሮለር ላይ፣ ያለ ስታንዳርድ ላይብረሪ። ሁለት ፍሎተሮች (የውሃ ከፍታ የሚለኩ ተንሳፋፊዎች) ሁለት ቢት ይሰጣሉ፦ 00 ባዶ፣ 01 ግማሽ፣ 11 ሙሉ። 10 ከመጣ የላይኛው ረጥቦ የታችኛው ደርቋል ማለት ነው። ይህ ሽቦ ሲበጠስ ወይም ፍሎተር ተጣብቆ ሲቀር በእርግጥ ስለሚከሰት እንደ ብልሽት ይዤ ፓምፑን አጠፋለሁ።

የቸገረኝ ሌላው ነው። የቀሩትን ቢቶች በማስክ ባጠፋም ዓይነቱ ዩ8 (u8፣ ከ0 እስከ 255 የሚይዝ ቁጥር) ስለሆነ ኮምፓይለሩ ከ4 እስከ 255 ላለው ቅርንጫፍ ካልጻፍኩ አያሳልፈኝም። አንሪቸብል ማክሮን (unreachable!፣ «እዚህ አይደረስም» የሚለውን) አስገብቼ ቅርንጫፉን ሆን ብዬ ስቀሰቅሰው ፓኒክ አደረገ (ፕሮግራሙ በስህተት ቆመ)፤ ፓኒክ ሃንድለሩ (ከፓኒክ በኋላ የሚሠራው ኮድ) ማብቂያ የሌለው ሉፕ በመሆኑ ሪሌው (የፓምፑ ማብሪያ ማጥፊያ) እንደበራ ቀረ። እንዲህ ከሆነ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል። አንሪቸብል አንቼክድን (unreachable_unchecked፣ ያለ ፍተሻ የሚያልፈውን) አልፈልገውም፤ ከተደረሰበት ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ዋስትና የለም። ባዶ ቅርንጫፍ ደግሞ ስህተቱን ይደብቃል። ንባቡን መግቢያው ላይ ወደ ኢነም (enum፣ የተወሰኑ ስም ያላቸው አማራጮች ብቻ ያሉት ዓይነት) ብለውጠውም ልወጣው ራሱ ያንኑ ቅርንጫፍ ይጠይቃል።

አንሪቸብልን ይዤ ፓኒክ ሃንድለሩ መጀመሪያ ሪሌውን እንዲያጠፋ ላድርግ፣ ወይስ ልወጣው ሪዘልት (Result፣ ውጤት ወይም ስህተት) መልሶ ከ10 ጋር በአንድ የብልሽት መንገድ ይሂድ?