በ30 ቀለበት የጀመርኩት ሹራብ 37 ሆነብኝ፤ የት ላይ ተሳሳትኩ?

የሹራብ ሥራ የምታውቁ እናቶችና እህቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። መርፌ ከያዝኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ክረምቱ ሳይበረታ ለእናቴ የአንገት ልብስ ለማድረስ አስቤ፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት መርፌዎች 30 ቀለበት አስገብቼ ጀመርኩ። ሁሉንም ረድፍ የምሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ማለትም መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ አስገብቼ ክሩን በመሳብ ብቻ ነው።

ሆኖም 20ኛው ረድፍ ላይ ስቆጥር ቀለበቶቹ 37 ሆነው አገኘኋቸው፤ ሥራውም ከታች ጠብቦ ወደ ላይ እየሰፋ ሄዷል። ቀርቤ ስመለከት አራት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ። ይህ የመጣው ክሩን ሳላስተውል ወደ ፊት ትቼው ስቀጥል መርፌው ላይ ተጠምጥሞ እንደ አንድ ቀለበት ስለሚቆጠር መሆኑን ደርሼበታለሁ።

እጅግ ያስቸገረኝ የጠርዙ ነው። ሥራውን አዙሬ አዲስ ረድፍ ስጀምር የመጀመሪያዋ ቀለበት ተለጥጣ ሁለት እግሮቿ መርፌው ላይ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ፣ ሁለት ቀለበቶች መስለውኝ ሁለቱንም ሳልሠራቸው አልቀርም። በዚያ ጊዜ ክሩን ወደ ኋላ የማሳልፈው ከመርፌው በላይ ነው ወይስ በታች?

እስካሁን የሠራሁትንስ ሁሉንም ልፍታው፣ ወይስ ትርፎቹን ሁለት ሁለቱን አጣምሬ በመሥራት ወደ 30 ልመልሳቸው? አንድ ጊዜ ፈትቼው ክሩ ተጨማዶ ስለነበር፣ ደግሜ ለመፍታት እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። የምታውቁትን ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።