ፒሲኤል ስካፎልድ ሳትም ቀዳዳው እየተደፈነ ተቸገርኩ

የአዳማዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ሥራዬ አጥንት የጎደለበት ቦታ ላይ ሴል እንዲያድግበት የሚደግፍ፣ ኋላም ራሱ ሟሙቶ የሚጠፋ ስካፎልድ በስሪዲ ፕሪንተር ማተም ነው። ፕሪንተሩ ተራው ባለ 0.4 ሚሊሜትር ኖዝል (ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚወጣበት ጫፍ) ነው፣ በተለመደው የስሪዲ ፕላስቲክ በፒኤልኤ ላይ ምንም አይለውም። ለስካፎልዱ የምጠቀምበትን ፒሲኤል የሚባለውን ሟሚ ፕላስቲክ ሳስገባ ግን ጠዋት አሪፍ ይሄድና ከሰዓት ክፍሉ ሲሞቅ ፊላመንቱ (የፕላስቲኩ ክር) የሚገፋው ማርሽ ላይ ይጠቀለላል፣ የወጣውም ተዘርግቶ የስካፎልዱን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል። ደግሞ ለማምከን ላብራቶሪያችን ውስጥ ያለን አውቶክሌቭ (በሞቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ብቻ ነው። እሱ ውስጥ ብከተው ችግር አለው?

ባለማርሹ፦ እህቴ፣ ፒሲኤል 60 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ፒኤልኤ እዚያ ላይ ገና መላላት ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ከኖዝሉ በላይ ያለው፣ ቀዝቃዛ መሆን ያለበት ክፍል ትንሽ ከሞቀ ፊላመንቱ ሳይወጣ እዚያው ይላላና ማርሹ ያኝከዋል። ፋኑን አቧራ ጥረጊለት፣ የአዳማን አቧራ መቼም ታውቂዋለሽ። ኖዝሉን ወደ 100 ዲግሪ አውርጂው። ከ170 በታች አልገፋም ካለሽ ኤም302 ኤስ0 የሚለውን ትእዛዝ ላኪለት። ቤዱን (የሚታተምበትን ጠፍጣፋ) አታሙቂው፣ ፍጥነቱንም በሰከንድ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር አድርጊው። ማርሹ ርቆ በረጅም ቱቦ የሚገፋ ከሆነ ግን አትልፊ፣ እንደተቀቀለ ፓስታ ነው የሚጎብጠው።

ሐዋሳ ነኝ፦ ለቀዳዳው ግድግዳውን 0፣ የላይና የታች ሽፋኑን 0፣ ኢንፊሉን (የውስጥ ሙሌቱን) ቀጥታ መስመር 50 በመቶ አድርጊ። መስመሩ 0.4 ከሆነ መሃል ለመሃል 0.8 ይርቃል፣ ክፍተቱ 400 ማይክሮን ይሆናል ማለት ነው። ለአጥንት ብዙ ሰው የሚሠራው ከ300 እስከ 500 ባለው ነው።

የላብ ሰው፦ አውቶክሌቭ ውስጥ እንዳትከቺው! 121 ዲግሪ ነው እኮ። ስትከፍቺው የሚጠብቅሽ የቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ለሴል ሙከራ 70 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ዘፍዝፊውና በንጹህ ፒቢኤስ (ለሴል የሚስማማ የጨው ውህድ) ደጋግመሽ እጠቢው። ዩቪ ብትጨምሪ ጥሩ፣ ግን ብርሃኑ ቀዳዳው ውስጥ ድረስ አይዘልቅም። ኢታኖልም ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የባክቴሪያ እንቅልፍ መልክ) አይገድልም፣ ሰው ውስጥ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ማምከኛው ኤትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ወይም ጋማ ጨረር ነበር። ያልጠየቅሽው አንድ ነገር፦ ፒሲኤል ውሃ ስለማይወድ ሴል በደንብ አይይዝበትም። ከኢታኖሉ በፊት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አቆይተሽ እጠቢውና አንድ ጠብታ ውሃ ጣይበት። ያልተነከረው ላይ ድብልብል ብሎ ይቀመጣል፣ የተነከረው ላይ ይዘረጋል።

ባለማርሹ፦ ለመለማመጃ ለልጆች የሚሸጠውን የስሪዲ እስክሪብቶ ፊላመንት ሞክሪ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራው ብዙ ጊዜ ፒሲኤል ነው። ቀለሙ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሴል አጠገብ ግን እንዳታደርሺው።

የአዳማዋ፦ ተባረኩ! የመሟሟቱን ሙከራስ? 37 ዲግሪ ፒቢኤስ ውስጥ ሦስት ወር ላቆየው አስቤ ነበር።

የላብ ሰው፦ በሦስት ወር ሚዛኑ ምንም ላያሳይሽ ይችላል። ፒሲኤል ጨርሶ ለመጥፋት 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማፋጠን ይቻላል፣ ግን እሱ ከላይ ከላዩ ነው የሚበላው፣ ሰውነት ውስጥ ደግሞ ውሃው ዘልቆ ገብቶ የፕላስቲኩን የሞለኪውል ሰንሰለት ከውስጥ ይቆራርጠዋል፣ ስለዚህ ያገኘሽውን ቁጥር የሰውነት ጊዜ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ፈታኝ መጀመሪያ የሚይዝሽ እዚያ ላይ ነው። ጊዜው ካጠረሽ አድቫይዘርሽን አናግሪና ትኩረቱን ወደ ጥንካሬና ቀዳዳ ልኬት አዙሪው።