ሐኪሙ «አይጹሙ» አሏት፣ እናቴ ግን እጾማለሁ ትላለች

የሐይቋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ስኳር አለባት። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ የሚባሉ የስኳር ኪኒኖች ትወስዳለች። ክትትሏ ደሴ ነው። ረመዳን ስለደረሰ ሐኪሙን ጠየቀቻቸው። «አይጹሙ» አሏት። በቃ። ምክንያቱን ሳይነግሯት ቀጣዩ ታካሚ ተጠራ። እሷም «እሺ ዶክተር፣ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ገና መናኸሪያ ሳንደርስ ግን «እኔ ጾሜን አልተውም» አለችኝ።

ጭራሽ አንዲት ጎረቤታችን «የቀኑን ኪኒን በሙሉ ሱሁር (ጎህ ሳይቀድ የሚበላው) ላይ ዋጪው» ብላታለች። ይሄ ነው ያስፈራኝ። እኔ ሐኪሙን አምናለሁ፤ ግን ምን ብዬ ላሳምናት? ተመልሼ «ለምን?» ብል እንደ ድፍረት ይቆጠርብኝ ይሆን?

ፋርማሲስት ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ድፍረት አይደለም። መጀመሪያ ግን የጎረቤትሽን ምክር አስቁሚ፤ አደገኛ ነው። ግሊቤንክላማይድ ሰው በላም አልበላም ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋል። ሱሁር ላይ ተደራርቦ ከተዋጠ ቀን ላይ ስኳሯ በጣም ሊወርድ ይችላል። ያልባታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ትደናገራለች፤ ከባሰም ራሷን ትስታለች። በዕድሜ የገፉና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ይብሳል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣላቸውም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን እንዲህ የሚያደርገው እምብዛም ነው።

ስለዚህ ስትሄጂ «የከለከሏት በየትኛው መድኃኒት ምክንያት ነው? ኩላሊቷስ እንዴት ነው? የሚቀየር ነገር አለ?» በያቸው። እንቢ ብላ ከጾመችም ስኳሯ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ፣ ለመግሪብ ጥቂት ደቂቃ ቢቀር እንኳ ወዲያው ታፍጥር። ጣት ተወግቶ መለካት ጾም አያስፈታም፤ ብዙ እናቶች ያስፈታል ብለው ሳይለኩ ይውላሉ።

ጡረተኛው ከወረኢሉ፦
ልጄ፣ ሐኪም አይጾምም ካለ አይጾምም። ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ቁርኣኑም አል-በቀራህ 185 ላይ ለታመመ ሰው ፈቅዷል። ድና ቀዷ የማታወጣ (ያለፋትን ጾም በኋላ የማትከፍል) ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ታበላለች። ሼኹ ያናግሯት፣ ትሰማለች።

የሐይቋ ልጅ፦
አባባ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። ሼኹ አናግረዋታል፤ እርስዎ ያሉትን ነው ያሏት። ግን ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ጎረቤቱን ይሰማል። ስለዚህ እሷን ይዤ ደሴ ተመለስኩ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ ነበር። ሐኪሙ አልተቆጡም። ካርዷን ገልጠው የኩላሊት ምርመራዋን አሳዩን፤ ክሬቲኒኗ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው) ከፍ ብሏል። የከለከሏትም ለዚሁ ነው። ግሊቤንክላማይዱንም ቀየሩላት።

እማ ስትወጣ «ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ከማንም ጋር ባልተከራከርኩ» አለች። ትንሽ አለቀሰች። ከልጅነቷ ጀምሮ የጾመችውን መተው ቀላል አይደለም። አሁን ግን አልጾምም ብላለች፤ የፊድያውን፣ ማለትም በጾሙ ፈንታ ለምስኪን የሚሰጠውን፣ እህል እያዘጋጀን ነው።

ፋርማሲስቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የስኳር መለኪያ ልገዛላት ነው። ስትሪፑ ደሴ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የትኛው ነው?