ከጅማ ዋሽንግተን፦ እናትሽ መንገድ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያሉ?

ሰላም እህቴ። እናትሽን ከጅማ ዋሽንግተን ልታስመጪ እንደሆነ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ባለፈው ዓመት አባባን ከዚሁ ከጅማ ወደ ወንድሜ ዘንድ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ስንት ሰዓት ይፈጃል ላልሽው፣ ከቤት እስከ ቤት አንድ ቀን ተኩል ያዢ።

ጅማና አዲስ አበባ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁ ነው። በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የግቤን በረሃ ወርዶ እስኪወጣ ቀኑ ያልቃል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብለሻል፤ በመኪና አትሞክሪው።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ሲመጡ ከ16 እስከ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ ግን 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድ መንገድ ሆኖ ለምን ተለያየ? ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውም፣ ጭነትም፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅም ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ከዚያ ሲነሳ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላው ይገፋዋል።

ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አባባ ለነዳጅ ሲቆም የደረሱ መስሏቸው ሻንጣቸውን አውርደው ተነስተው ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠች ልጅ ናት ያስቀመጠቻቸው።

ከሁሉ በላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፊላቸው። ትኬት ላይ 8፡40 የሚለው ከጠዋቱ 2፡40 ነው። እኛ የመጀመሪያው በረራ ያመለጠን በዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ መስሎን ምሳ በላን፣ ሄርማታ ሰፈር ያሉ ዘመዶችን ተሰናበትን፣ ኤርፖርት ስንደርስ ግቢው ጭር ብሏል። አባባ አንድ ቃል አልተናገሩም። ያ ዝምታቸው እስከ ዛሬ ያመኛል። ቀኑን ለማስቀየር ተጨማሪ ከፈልን።

ትኬቱ ከጅማ እስከ ዋሽንግተን አንድ ይሁን። ለየብቻ ከተቆረጠ፣ የጅማው በዝናብ ቢዘገይ የማታው በረራ አይጠብቃቸውም። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ አንድ ቀን ቀድመው ገብተው አዲስ አበባ ይደሩ። ሻንጣም አለ፦ ወደ አሜሪካ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ፤ ለአገር ውስጥ ብቻ ሲሆን ግን ያንሳል። እናት ደግሞ ቡናውንና በርበሬውን ሳትይዝ አትመጣም።

ትኬት ስትቆርጪ ዊልቸር ጠይቂላቸው። ክፍያ የለውም። ቦሌ ላይ ከአገር ውስጡ ወደ ዓለም አቀፉ የሚወስዳቸው፣ ወረፋውን የሚያሳልፋቸው ሰው ያገኛሉ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከቦሌ ቢነሱ፣ በማግስቱ እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ይደርሳሉ። ያኔ ጅማ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ይህ የ7 ሰዓት ልዩነት በሐምሌ ነው፤ በታኅሣሥ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጊዜ እንቅልፍ ቢወስዳቸው፣ ሌሊት ቢነቁ አትደንግጪ።

ቀኑ ሲቆረጥ ጻፊልኝ። እዚህ የሚሸኛቸው ሰው ከሌለ ኤርፖርት የማደርሳቸው እኔ ነኝ።