ጄኔቭ ኢንተርንሺፕ አገኘሁ፣ ግን ማደሪያ የለኝም

ሰላም እህት ወንድሞች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ጀርመን የሕግ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጄኔቭ ያለ የአንድ አገር ሚሲዮን (በተመድ ዘንድ አገሩን የሚወክል ጽሕፈት ቤት) በሰብዓዊ መብት ክፍሉ ለሦስት ወር ተቀበለኝ። ሥራዬ የሴፕቴምበሩን የተመድ የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት ጉባኤ መከታተል ነው። ቀን አዳራሽ ቁጭ ብሎ መጻፍ፣ ማታ ሪፖርት ማድረስ። አባላቱ 47 ናቸው፣ ታዛቢ አገሮችም ይናገራሉ። እጅ ያዝላል አሉ።

ደስታዬ ግን ውሎ አላደረም። ደብዳቤው ግርጌ «ክፍያ የለውም» የምትል አንዲት መስመር አለች። መጀመሪያ ሳነብ ዘልያት ነው መሰለኝ።

ቤት ስጠይቅ አከራዩ የሦስት ወር ኪራይ መያዣ ጠየቀኝ። ከየት አባቴ ላምጣ? ጓደኞቼ ድንበር ተሻግረህ ፈረንሳይ፣ አነማስ ተከራይ፣ በሌማን ኤክስፕረስ ባቡር ትመላለሳለህ ይሉኛል። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ግን የጀርመን የተማሪ ነው። ፈረንሳይ እያደርኩ ስዊዘርላንድ ልዋል? እዚህ ጋ ነው የተጣበቅኩት።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ፈቃዱን የሚያስጨርሰው ሚሲዮኑ ነው ወይስ እኔ? ከኢራስመስ (የአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም) ለስዊዘርላንድ ድጎማ ያገኘስ አለ?

እስከ አርብ መልስ ስጥ ተብያለሁ። ጄኔቭ ያላችሁ፣ ሳሎናችሁ ፍራሽ የሚያዘረጋ ከሆነ አላፍርም። ሽሮ አሳምሬ እሠራለሁ።