በፕላዝማ መቁረጫ ብረት አሙቆ ማጠፍ ይቻላል?

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ብየዳ ቤት አለችኝ። በር፣ መስኮት፣ አልፎ አልፎም የጋሪ ጥገና እሠራለሁ። በቅርቡ ያገለገለ ባለ 40 አምፔር ፕላዝማ መቁረጫ፣ ያው በኤሌክትሪክ እሳትና በአየር ግፊት ብረት የሚቆርጠውን ማሽን፣ ገዛሁ። ላሜራ ላይ አንደኛ ነው። በግራይንደር ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን ሥራ ቁርስ ሳልበላ እጨርሳለሁ።

ጣጣው የመጣው ከሐይቅ ከተማ ነው። አንድ ደንበኛ የሮቶ ማስቀመጫ አዘዘኝ። 10 ሚሊ ውፍረት፣ 6 ሳንቲም ስፋት ያለው ብረት 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። 16 ፍሬ። ኦክሲጅንና አሲትሊን የለኝም፤ ለዚህች ሥራ ሲሊንደር ልከራይ ብል ትርፌን ይበላዋል። ፕላዝማው ይሄን ሁሉ እሳት ይዞ ለምን አላሞቅበትም ብዬ ተነሳሁ።

ብረቱን ሞርሳ ላይ አሰርኩ። ችቦውን 3 ሳንቲም ያህል ከፍ አድርጌ ስለኩሰው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቱር ይልና ይጠፋል። ቀረብ ሳደርገው ደግሞ ቦይ ቆፍሮ ቁጭ። እያወዛወዝኩም ሞከርኩ። ላዩ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ከሥሩ ግን ጭራሽ አልቀላም። በመዶሻ ስለው ቦዩ ላይ ተሰነጠቀ። ሁለት ኖዝል (የችቦው ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ቀዳዳ) በላብኝ፤ ምትክ ፍለጋ ስዞር ዋልኩ።

ዘዴውን የሚያውቅ ካለ በናታችሁ።

ቀዩ መዶሻ፦

ይሄ እኮ ወጥ በጩቤ ማማሰል ነው። ደግነቱ የበላው ኖዝሉን ብቻ ነው፤ ማሽኑን እንዳታስከትለው።

አያ ሞርሳ፣ ደሴ፦

አይዞህ ወንድሜ፣ አትሳቀቅ። እኔም አድርጌዋለሁ። ፕላዝማ የገዛሁ ሰሞን የአይሱዙ መከላከያ ማሰሪያ ተጣሞ መጣልኝና እንዳንተው ላሞቀው ሞከርኩ። ወላሂ፣ እንደ ወረቀት ተቀደደ። ባለመኪናው ቆሞ ያያል። ምን ልበለው? አዲስ ሠርቼ በነጻ ሰጠሁት።

ነገሩ የገባኝ ማታ ቤቴ እንጀራ ሲጋገር ነው። የኔም ማሽን እንዳንተው ባለ 40 ነው። ችቦው ጫፍ የሚያደርሰው 4 ኪሎዋት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳችንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ምጣዱ ያንን ኃይል ለሰፊ ክብ ያከፋፍለዋል፤ ፕላዝማው ግን 1 ሚሊ በምታህል ቀዳዳ አሾልኮ አንድ ነጥብ ላይ ይተፋዋል። ነጥቧ ላይ ሙቀቱ ከ20,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ብረት 1,500 አካባቢ ይቀልጣል። ስለዚህ ነጥቧ ቀልጣ በአየር ትገፋለች፤ ጎረቤቷ ገና ለብ አላለም። ማጠፍ የሚፈልገው የዚህን ግልባጭ ነው። ሙቀቱ እስከ ውስጥ እንዲዘልቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ስፋት ይፈልጋል።

ከፍ ስታደርገው የጠፋብህም በምክንያት ነው። ያቺ የምታያት ነበልባል መለኮሻዋ እንጂ መቁረጫዋ አይደለችም። ብረቱን ካላገኘች ማሽኑ ራሱ ያጠፋታል። ደጋግመህ አየር ላይ ስትለኩሳት ኖዝሉን የምትበላው እሷ ናት። ደግሞ የኮምፕሬሰርህን ውሃ ታፈሳለህ? እኛ ደሴ ጉም ሲወርድ የአየር መስመሩ ውሃ ይይዛል፤ ኖዝል የሚጨርስብን ግማሹ እሱ ነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት ብለህ እንዳትተወው። ጠዋት ጠዋት ከታች ያለችውን መክፈቻ ፈታ አድርጋት።

አሁን ወደ ሥራህ። ከሰል ያዋጣሃል። ልጅ ሆኜ ማረሻ የሚያስቀጠቅጡ ገበሬዎች የሚመጡበት ቀጥቃጭ ቤት ወናፍ እነፋ ነበር። የቤቱ ጌታ 10 ሚሊ ብረት ሲያጥፍ ላብ እንኳ አይወጣውም። የጭነት መኪና አሮጌ ቸርኬ ፈልግ። ውስጡን ጭቃና አመድ ለስነው። ከሥር አንድ ቧንቧ አስገባ፣ ጫፉ ላይ ጸጉር ማድረቂያ ግጠምበት፣ ሙቀቱን አጥፍተህ ንፋሱን ብቻ። ከሰሉ ክምር ይበል። ብረቱ ከላይ ሳይሆን መሃሉ ውስጥ ይቀበር። ደጅ ሥራው፤ ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ቀለሙን ጥላ ውስጥ እይ። ፀሐይ ላይ የቀላው ብረት ጥቁር ይመስልሃል። የበሰለ ቲማቲም ሲመስል 800 አካባቢ ደርሷል፤ ወደ ብርቱካን እስኪሄድ ታገስ። ዓይንህን ካላመንክ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጣና በጉጠት ይዘህ አስጠጋው። 770 ካለፈ ማግኔት አይዘውም። ከዚያ ትንሽ ጨምርለትና እጠፍ። ቅላቱ እየጠፋ ሲመጣ መዶሻውን አስቀምጥ፣ ወደ እሳቱ መልሰው። በተለይ ሰማያዊ በሚያወጣበት ሙቀት፣ 300 ዲግሪ አካባቢ፣ እንዳትነካው። ያኔ ብረት ግትር ነው። ሲያልቅም ውሃ ውስጥ እንዳትከተው፤ በራሱ ይብረድ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ብረቱን በፕላዝማ ከሆነ የቆረጥከው ጠርዙን በግራይንደር አንድ ሚሊ ያህል ብላለት። በአየር የሚሠራ ፕላዝማ የአየሩን ናይትሮጅን ጠርዙ ላይ ይተዋል። ጠርዙ ይደርቃል፣ ስታጥፍ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብየዳውም ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያወጣል።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቧንቧ ደግሞ እሳት ውስጥ እንዳትከት። ዚንኩ 900 ዲግሪ አካባቢ ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል። ማታ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ትንቀጠቀጣለህ፣ ወባ የያዘህ ነው የሚመስልህ። ወተት ጠጣ ይሉሃል። ወተት ጥሩ ነው፣ እኔም እወዳለሁ፤ ግን ሆድ እንጂ ሳንባ አይገባም።

የወልዲያ በያጅ፦

አያ ሞርሳ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ፕላዝማ ለማጠፍ ጨርሶ አይረዳም ማለት አይደለም። እኔ 3 ሚሊ ላሜራ የማጥፈው በሱ ነው፤ በማሞቅ ሳይሆን በመብሳት። የማጠፊያው መስመር ላይ 3 ሳንቲም ትቆርጣለህ፣ 1 ሳንቲም ትዘላለህ፣ እንደገና 3 ትቆርጣለህ። ከዚያ በእጅህ ታጥፈዋለህ፣ እንደ ካርቶን። መጨረሻ ላይ መስመሩን በብየዳ ትሞላዋለህ። የእህል ማስቀመጫ፣ የጄኔሬተር ሽፋን በዚህ ሠርቻለሁ።

ለሮቶው ግን አልመክርህም። 1,000 ሊትር ውሃ ማለት 1 ቶን ነው። ደሞ ለምን ታጥፋለህ? ሁለት ቁራጭ አድርገው፣ 90 ላይ በየደው፣ ጥጉ ላይ ሦስት ማዕዘን ደጋፊ ጣልበት። መቁረጡን ፕላዝማህ ይሠራልሃል። ግማሽ ቀን ነው።

የቦርከና ልጅ፦

ወንድሜ፣ እሱን ደንበኛው እንቢ አለኝ። ጎረቤቱ ቤት ጥጉ ክብ ብሎ የታጠፈ አይቶ መጥቷል። «እንደዚያ ካልሆነ ቀብድ መልስ» አለ። ቀብዱ ደግሞ ብረት ሆኗል።

አያ ሞርሳ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቸርኬውን ከጎማ ቤት አገኘሁ። ጸጉር ማድረቂያውን ከእህቴ ወሰድኩ፤ እስካሁን አልነገርኳትም። የመጀመሪያውን ቸኩዬ ጠርዙን ሳልበላለት አጠፍኩት። እንዳሉት ከውጭ በኩል ከጠርዙ ጀምሮ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አወጣ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በግራይንደር አስተካከልኩ። ትናንትና ዛሬ 14 ጨርሻለሁ። ከአንዱ እሳት ወደ ሌላው 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሁለት ሁለቱን ቀብሬ በየተራ ሳወጣ ሥራው ተፋጠነ። ማግኔቷ ግን ተአምር ናት። ዓይኔ ቀላ ያለውን ሁለቴ እሷ ገና ነው አለችኝ።

በር ላይ ቡና የምታፈላው ሴትዮ ፍም ከኔ መውሰድ ጀምራለች። ማታ ማታ አንድ ስኒ ትልክልኛለች።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ጭቃው በሁለተኛው ቀን ተሰነጣጥቆ ረገፈ። ምን ልቀላቅልበት?

አያ ሞርሳ፣ ደሴ፦

የጤፍ ጭድ አልጨመርክበትም አይደል? የኔ ጥፋት ነው፣ አልነገርኩህም። ጭድና አመድ ቀላቅለህ በደንብ እርገጠው፣ ለስነህ ሦስት ቀን ጥላ ላይ ይድረቅ። መጀመሪያ ትንሽ እሳት አንድድበት፣ ንፋስ ሳትሰጠው። የቀሩህን ሁለቱን በተሰነጠቀውም ቢሆን ጨርሳቸው።

ለእህትህም ንገራት። ጸጉር ማድረቂያው ከሰል ከሰል እየሸተተ ከምታገኘው ሌላ መግዛቱ ይሻልሃል።